ዘርና መሬት፤ የሐኪሙ የስቲቨን ፓጄት አጭር የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ የሚጻፈው ሙታኑ እንዲከበሩበት፥ ሕያዋኑም እንዲማሩበት ነው። በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ጓደኞቼ ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጀግኖችና ስለ ደራስያን ሲጽፉ ቆይተዋል። እኔ በዚህ ዓመት ስለ አንድ ሐኪም ልጽፍ ወደድሁ። ይህ ሰው ጦር አልመራም፥ አገር አላቀናም፥ በስሙ የሚጠራ መድኃኒትም የለውም። ለዓለም የተወው አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ካንሰር፥ በአገራችን አጠራር ነቀርሳ የሚባለው በሽታ፥ ከበቀለበት ቦታ ተነሥቶ በሰውነት ውስጥ ሲዛመት አንዱን ክፍል መርጦ ሌላውን የሚተወው ስለ ምንድን ነው የሚል ነበር። የሰውየው ስም ስቲቨን ፓጄት ነው። በሕክምና ትምህርት ዓለም ስሙ የታወቀ ቢሆንም በእኛ ክፍል ውስጥ ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት አንባቢን የማሳስበው ነገር አለ። እዚህ የተጻፉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቲቨን ፓጄት በ1855 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጀምስ ፓጄት በቀዶ ሕክምና ጥበብ እጅግ የታወቀ ሰው ነበር። ይህ አባቱ በ1835 ዓ.ም. ገና የሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ፥ ለትምህርት በቀረበ አስከሬን ሥጋ ውስጥ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦችን አየ። እንዲህ ያለውን ነጠብጣብ ሌሎችም አይተውት ነበር፤ ነገር ግን እንደ ተራ ነገር ቈጥረው ያልፉት ነበር። እርሱ ግን በአጉሊ መነጽር መረመረውና በውስጡ የተጠቀለለ ትል መኖሩን ደረሰበት። ኋላም የንግሥት ቪክቶርያ ቀዶ ሐኪም ሆነ፤ ይህችውም ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የላኩላት የእንግሊዝ ንግሥት ናት። በ1871 ዓ.ም. ሰር የተባለውን ማዕረግ አገኘ። አንድ የአጥንት በሽታና አንድ የጡት ጫፍ በሽታ እስከ ዛሬ ድረስ በእርሱ ስም ይጠራሉ።

ስቲቨን ከአራቱ ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነበር። የመጀመሪያው ወንድሙ የሕግ ሰው ሆነ። ሁለቱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ገብተው ኋላ ጳጳሳት ለመሆን በቁ። የአባቱን ሙያ የያዘው የመጨረሻው ልጅ ስቲቨን ብቻ ነው። በትልቅ ዋርካ ጥላ ሥር የበቀለ ችግኝ ፀሐይ እንደሚቸግረው ሁሉ፥ ስሙ ከገነነ አባት ጋር በአንድ ሙያና በአንድ ከተማ መኖር ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ ልጁን የሚያየው በአባቱ መስፈሪያ እየሰፈረ ነውና። የሆነ ሆኖ ስቲቨን በሽሩዝበሪ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። የሕክምናውንም ትምህርት አባቱ በተማረበትና ባስተማረበት በለንደን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ፈጸመ። በ1885 ዓ.ም. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ባልደረባ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ትዳር ይዞ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። ከዚህ በኋላ በዌስት ለንደን ሆስፒታል ረዳት ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሥራውን ጀመረ።

በዚያ ዘመን የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ስትመጣ ሐኪሙ የሚያውቀው መድኃኒት ቢላዋ ብቻ ነበር። ዕጢውን ይቈርጥላታል፤ ቁስሉም ይሽራል። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሰው ይመጡ ነበር። አንዷ ጉበቷ አብጦ፥ ሌላዋ ሳንባዋ ታሞ፥ ሌላዋም የጀርባዋ ወይም የጭኗ አጥንት ተሰብሮ ትመጣለች። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጉበቱም በአጥንቱም ውስጥ የሚገኘው ያው የጡቱ በሽታ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ተብለው ሲጠየቁ የዘመኑ ሊቃውንት አብዛኛዎቹ የሚሰጡት መልስ ይህን ይመስል ነበር። ከዕጢው ላይ ቅንጣቶች ይላቀቃሉ፤ ደምም ተሸክሞ ይወስዳቸዋል፤ ጠባብ የደም ሥር ባገኙበት ስፍራ ይቀረቀሩና እዚያው ያድጋሉ። ይህም ማለት ገመዱ የተበጠሰ የደንገል ታንኳ ነፋስና ማዕበል ወደ ወሰዱት ዳርቻ እንደሚደርስ ሁሉ፥ የበሽታውም ቅንጣት ደም በጣለው ቦታ ያርፋል ማለት ነው። ቦታው ምንም ዓይነት ቢሆን ለውጥ የለውም።

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ የጠየቅሁት የፓጄትን ስም ከማወቄ አስቀድሞ ነው። አንዲት አክስት ነበረችኝ። መኖሪያዋ ዘጌ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናና ጌሾ በጀልባ እየጫነች ወደ ባሕር ዳር ገበያ ትመጣ ነበር። በጡቷ ላይ እባጭ ባገኘች ጊዜ አፍራም ፈርታም ለማንም ሳትናገር አንድ ክረምትና አንድ በጋ አሳለፈች። በመጨረሻ እናቴ ዐውቃባት ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ጡቷም ተቈረጠ። ሦስት ዓመት ያህል ደኅና ሆና ቡናዋን ስትለቅም፥ ገበያዋን ስትገበይ ከቆየች በኋላ ወገቧን ያማት ጀመር። እኛም የሸክም ድካም ነው ብለን ነበር። ሐኪሙ ግን የጡቷ በሽታ ወደ አጥንቷ መግባቱን ነገረን። ያን ጊዜ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ጡትና የወገብ አጥንት ምን አገናኛቸው? ደም ወደ ሰውነት ሁሉ የሚሄድ ከሆነ በሽታው እጇንና እግሯን ትቶ ወገቧን ለምን መረጠ? እያልሁ ብዙ ቀን አሰብሁ። አክስቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። እኔም ጥያቄውን ይዤ ወደ ሥነ ሕይወት መምህራችን ዘንድ ሄድሁ። እርሳቸውም ከ100 ዓመት በላይ አስቀድሞ ይህንኑ የጠየቀ አንድ እንግሊዛዊ መኖሩን ነግረው ታሪኩን እንዳነብ መከሩኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው።

ስቲቨን ፓጄት ጥያቄውን ለመመለስ የተጠቀመበት መሣሪያ ወረቀትና ብርዕ ነበር። በየሆስፒታሉ በጡት ካንሰር የሞቱ ሴቶች አስከሬን ሲመረመር ሐኪሞቹ በየትኛው የሰውነት ክፍል ምን እንዳገኙ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። መዝገቡ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ጥቂት ነው። ፓጄት እነዚህን መዛግብት አሰባስቦ የ735 ሴቶችን ታሪክ በአንድነት አስተያየ። ሰነፍ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ጸሓፊ ይሥራው ብሎ ይተወዋል። እርሱ ግን እያንዳንዱን ቈጠረ።

በቈጠረም ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘ። ከ735ቱ ሴቶች መካከል በ241ዱ በሽታው ወደ ጉበት ተዛምቶ ተገኘ። ወደ ጣፊያ የተዛመተው ግን በ17ቱ ብቻ ነበር። ጉበትና ጣፊያ ጎረቤታሞች ናቸው። ወደ ሁለቱም ደም የሚወስዱት የደም ቧንቧዎች የሚነሡት ከአንድ ግንድ ነው፤ የጣፊያውም ቧንቧ እጅግ ወፍራም ነው። የበሽታው ቅንጣት ደም በጣለው ስፍራ ሁሉ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ጣፊያም ብዙ ጊዜ በታመመ ነበር። ደግሞም ፓጄት መግል ወደ ደም ገብቶ በሚገድልበት በሌላ በሽታ የሞቱትን ሰዎች መዝገብ ቢያመሳክር፥ በእነዚያ ዘንድ ጣፊያ ከካንሰሩ ይልቅ ደጋግሞ ተመርዞ አገኘው። እንግዲህ ወደ ጣፊያ የሚያደርስ መንገድ አለ፤ መንገዱም ክፍት ነው። የካንሰሩ ቅንጣት እዚያ አይደርስም ማለት አይቻልም፤ ደርሶ ግን አይበቅልም። በአጥንቶችም ዘንድ እንዲሁ ልዩነት አየ። የጭን አጥንትና የራስ ቅል ደጋግመው ሲታመሙ የእጅና የእግር ጣቶች አጥንቶች በሽታው እምብዛም አይነካቸውም ነበር።

ይህን ሁሉ ከመረመረ በኋላ በመጋቢት ወር 1889 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው በታወቀው የሕክምና መጽሔት ሦስት ገጽ ያህል ጽሑፍ አወጣ። ዕድሜው ገና 33 ዓመት ነበር። በዚያም ጽሑፍ የካንሰርን መዛመት ከአዝርዕት ጋር አመሳሰለው። አንድ ተክል ዘሩ ሲደርስ ነፋስ ወደ አራቱም ማዕዘን ይበትንለታል፤ የሚበቅለው ግን የሚስማማው መሬት ላይ የወደቀው ብቻ ነው። ስለዚህ የካንሰርን ነገር ለማወቅ የፈለገ ሰው የዘሩን ጠባይ ብቻ መመርመር አይበቃውም፤ ዘሩ የወደቀበትን የመሬቱን ጠባይ ጭምር መመርመር አለበት የሚል ነበር የሐሳቡ ፍሬ። በዚህም ላይ ታማኝ ሰው እንደ መሆኑ፥ ከእርሱ በፊት በ1882 ዓ.ም. ኤርንስት ፉክስ የተባለ የኦስትርያ የዓይን ሐኪም ለዚህ የቀረበ ሐሳብ ማቅረቡን በጽሑፉ አመልክቷል።

በጣና ዙሪያ ላደግነው ለእኛ ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በዘጌ ደን ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል። ያንኑ የዘጌ ቡና ወስደን ክረምት ውሃ በሚተኛበት በፎገራ ሜዳ ብንተክለው ሥሩ ይበሰብሳል። በፎገራ የሚያምረውን ሩዝ ደግሞ በዘጌ ደን ውስጥ ብንዘራው ፍሬ አይሰጠንም። ዘሩ ያው ነው፤ መሬቱ ግን ሌላ ነው። አንድ የፎገራ ሽማግሌ ገበሬ መሬታቸውን በእጃቸው ዘግነው አይተው የሚዘሩትን እንደሚወስኑ ሁሉ፥ ፓጄትም ሐኪሞች የሰውነትን ክፍሎች እንደ ልዩ ልዩ ማሳ እንዲመለከቱ መከረ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ዘር መባሉ በምሳሌ ነው እንጂ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው እንደ ጉንፋን የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ዘሩ የታማሚው የራሱ የሰውነቱ ሕዋስ ነው፤ ሥርዓቱን ጥሶ ያለ ልክ ከመብዛቱ በቀር ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም። የሚዘራውም በዚያው በአንዱ ሰው ሰውነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ካንሰር የያዘውን ሰው ማስታመም፥ አብሮ መብላትና መጠጣት የሚያስፈራ አይደለም።

የፓጄት ጽሑፍ በወጣ ጊዜ ታላቅ ስም አላተረፈለትም። እርሱም ቢሆን ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አልጻፈም። በሚድልሴክስ ሆስፒታል የጉሮሮና የጆሮ ሐኪም ሆኖ ሠራ። ደግሞም ብርዑ የሠላ ስለ ነበር ብዙ መጻሕፍት ደረሰ። በ1896 ዓ.ም. ስለ ደረት ቀዶ ሕክምና፥ በ1897 ዓ.ም. አምብሯዝ ፓሬ ስለ ተባለው የጥንት ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ጻፈ። አባቱ በ1899 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ የአባቱን ማስታወሻና ደብዳቤዎች አሰናድቶ በ1901 ዓ.ም. አሳተመ። እንግዲህ ያ በአባቱ ጥላ ሥር ያደገ ልጅ የአባቱን ስም ለትውልድ ያቆየ እርሱ ራሱ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በእንስሳት ላይ የሚደረገው የሕክምና ምርምር ፈጽሞ ይከልከል የሚሉ ሰዎች በርትተው ተነሥተው ነበር። ፓጄት በበኩሉ ከእንዲህ ያለው ምርምር ለሰውም ለከብትም የተገኘውን ጥቅም እየዘረዘረ በመጽሐፍም በንግግርም ይከራከር ነበር። በ1908 ዓ.ም. ለዚህ ዓላማ የምርምር መከላከያ ማኅበር የተባለውን አቋቋመና የማኅበሩ ጸሓፊ ሆኖ ደከመ። በግንቦት ወር 1926 ዓ.ም. ሊምፕስፊልድ በምትባል የገጠር ከተማ በ70 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። በሞተ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ለመጻሕፍቱና ለማኅበሩ ሥራ ነበር። ያቺን ሦስት ገጽ የሚያነሣ ጥቂት ነበር።

ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ማለት በ1928 ዓ.ም.፥ ጀምስ ዩዊንግ የተባለ ስመ ጥር አሜሪካዊ ሊቅ የካንሰር መዛመት የሚወሰነው በደምና በሊምፍ መንገዶች አቀማመጥ ነው ሲል ጻፈ። በእርሱ አስተያየት መንገዱ ከታወቀ ስለ መሬቱ መጨነቅ አያስፈልግም። ዩዊንግ ታላቅ ሥልጣን ያለው ሊቅ ስለ ነበር ሰዎች ለብዙ ዓመታት የእርሱን ቃል ተከተሉ፤ የፓጄትም ሐሳብ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሰ።

በሁለቱ ሊቃውንት መካከል ያለውን ክርክር ለማስተዋል የፈለገ ሰው ወደ ሐይቃችን ይመልከት። በ2011 ዓ.ም. እንቦጭ የተባለው መጤ አረም በጣና ላይ መግባቱ ታወቀ። ይህ አረም በውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ነፋስና ማዕበል ወደ ወሰዱት ይሄዳል፤ በዚህ በኩል ነገሩ ዩዊንግ እንዳለው ነው። ነገር ግን የሐይቁ ዳርቻ ሁሉ እኩል አልተወረረም። እጅግ የበረታው መገጭ፥ ርብና ጉማራ ከእርሻው ማሳ ደለልና ማዳበሪያ እያጠቡ በሚያወርዱበት፥ ውሃውም ጥልቀት በሌለው በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ ነው። በዚህ በኩል ነገሩ ፓጄት እንዳለው ነው። አረሙን በእጅ ነቅለው ያወጡት የደምቢያና የፎገራ ገበሬዎች፥ ደለሉ ካልቆመ አረሙ ተመልሶ እንደሚመጣ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ነፋሱ ያደርሳል፤ መሬቱ ያበቅላል።

ለፓጄት ሐሳብ እንደ ገና መነሣት ምክንያት የሆነው አይዛያ ፊድለር የተባለ ተመራማሪ ነው። ፊድለር በ1936 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ተወልዶ በአሜሪካ የተማረ ሲሆን መነሻ ሙያው የእንስሳት ሕክምና ነበር። በ1970 ዓ.ም. የካንሰር ሕዋሳትን ምልክት አድርጎባቸው በአይጦች ደም ውስጥ ጨመረና የት እንደሚደርሱ ተከታተለ። ከአንድ ቀን በኋላ በሕይወት የተገኙት ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ወደ ዕጢነት ያደጉት ደግሞ ከ10,000 አንድ አይሞሉም። ከዚህም የተነሣ የበሽታው ዘር ወደ ደም መግባቱ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። እጅግ የሚበዛው ዘር በመንገድ ላይ ይሞታል።

በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ፊድለርና ባልደረባው ኢያን ሃርት ሌላ ብልኀት ፈጠሩ። ከአይጥ ሳንባ፥ ከሴት አይጥ የእንቁላል ማኅደርና ከኩላሊት ትንንሽ ቁራጮች ወስደው በሌሎች አይጦች ቆዳ ሥር ወይም ጡንቻ ውስጥ ተከሉ። ቁራጮቹም ደም ሥር አበጅተው ያዙ። ከዚያ በኋላ የቆዳ ካንሰር ሕዋሳትን በደም ውስጥ ጨመሩ። በሽታው በተተከለው ሳንባና በተተከለው የእንቁላል ማኅደር ላይ በቀለ፤ በተተከለው ኩላሊት ላይ ግን አልበቀለም። ሁሉም ከተፈጥሮ ቦታቸው ተነቅለው በአዲስ ቦታ የተተከሉ ናቸው፤ ደምም ለሁሉም ደርሷቸዋል። ልዩነቱ የመሬቱ ብቻ ነበር። እንዲህ ሆኖ ስቲቨን ፓጄት በወረቀትና በብርዕ የደረሰበት ነገር ከ91 ዓመት በኋላ በፈተና ተረጋገጠ።

ዛሬ ይህ መሬት የዕጢው አካባቢ ተብሎ ራሱን የቻለ ትልቅ የምርምር ዘርፍ ሆኗል። በየአገሩ ወጣት ሊቃውንት የዶክትሬት ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት፥ አንዳንዶቹም ከዚያ የበለጠ ጊዜ፥ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች ተቀምጠው ይህንኑ ያጠናሉ። ዕጢ የካንሰር ሕዋስ ክምር ብቻ እንዳልሆነ ዐውቀዋል። በውስጡ የደም ሥሮች፥ ነጭ የደም ሕዋሳት፥ ቁስልን የሚጠግኑ ሕዋሳትና ሁሉን አያይዞ የሚያቆም መረብ አሉ። እነዚህ በደኅናው ጊዜ የሰውነት አገልጋዮች ናቸው። ካንሰር ግን ያታልላቸዋል። ቁስል አለ ብሎ ጠርቶ የደም ሥር ያስዘረጋቸዋል፥ ምግብ ያስመጣቸዋል፥ መንገድም ያስጠርጋቸዋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናትም በአይጦች ላይ እንዳሳየው፥ የካንሰሩ ሕዋሳት ወደ አዲሱ ቦታ ከመድረሳቸው አስቀድሞ ከመቅኔ የተነሡ ሕዋሳት ሄደው ቦታውን ያዘጋጁላቸዋል። ይህም ዘር ከመዘራቱ በፊት መሬቱ እንደሚታረስ ያለ ነው።

የአጥንቱም ምሥጢር እንዲሁ ተገለጠ። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም፤ በውስጡ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት አሉ። የጡት ካንሰር ሕዋስ በመቅኔ ውስጥ ሲሰፍር አፍራሾቹን ይቀሰቅሳቸዋል። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ ተከማችቶ የነበረ የዕድገት ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ ይህም ለካንሰሩ እንደ ማዳበሪያ ይሆንለታል። ካንሰሩ በዚህ ሲያድግ ደግሞ የባሰ ያፈርሳል። የጭን፥ የወገብና የራስ ቅል አጥንቶች መቅኔያቸው ቀይና ደመ ብዙ ስለ ሆነ ለዚህ ይመቻሉ። ሐኪሞች ይህን ስላወቁ የካንሰሩን መድኃኒት ከመስጠት ጋር አፍራሾቹን የሚገታ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ በዚህም የአጥንት መሰበርና ሕመም ይቀንሳል። መሬቱን ማከም ማለት ይህ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳትም ካንሰርን እንዳይወጉ የሚይዛቸውን ልጓም የሚፈታ መድኃኒት ተገኝቷል። የዚህንም መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ጀምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ ታሪክ ለእኛ ለምን ይጠቅመናል ብትሉ ሁለት ነገር እመልሳለሁ።

አንደኛው ስለ ትምህርት ነው። ፓጄት የተጠቀመበትን መዝገብ የጻፉት ሰዎች ማን እንደሚያነበው ሳያውቁ በጥንቃቄ ጻፉት። በቸልታ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ የእርሱ ቈጠራ ዋጋ ባልኖረው ነበር። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ነርስ ወይም ሐኪም ሆኖ መዝገብ ሲጽፍ፥ ሌላው በጤና ጣቢያ ሲቀመጥ፥ ያ ወረቀት ከብዙ ዘመን በኋላ የአንድ ታላቅ ጥያቄ መልስ ሊገኝበት እንደሚችል ያስብ። ደግሞም ታላቅ ስም ያለው ሊቅ የተናገረው ሁሉ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ እንወቅ። ዩዊንግን አምነው ጥያቄውን የዘጉት ሰዎች ለብዙ ዓመታት ዕውቀትን አዘገዩ።

ሁለተኛው ስለ እናቶቻችንና ስለ እኅቶቻችን ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከተዛመተ በኋላ ነው። በሰፈራችን እባጭ በብረት ከተነካ ይሰደዳል እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች ቢላዋ አዛመተው የሚሉት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛዋ ሐኪም ዘንድ ከመድረሷ በፊት የተዛመተ ነው። ዘሩ ከተበተነ በኋላ ሐኪሙ እያንዳንዱን ማሳ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የዕጢው አካባቢ ምርምር ለዚህ ዓይነቱ ሕመምተኛ አዲስ ተስፋ እያመጣ ነው፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቶቹ ውድ ናቸው፥ በሁሉም ቦታ አይገኙም። በጊዜው የታየች ትንሽ እባጭ ግን በቀዶ ሕክምናና በሚከተለው ሕክምና ብዙ ጊዜ ትድናለች።

ስለዚህ ተማሪዎች ሁሉ፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ይህን መጽሔት ወደ ቤት ይዛችሁ ስትሄዱ ለእናቶቻችሁ፥ ለአክስቶቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። በጡት ላይ የሚዳሰስ አዲስ እባጭ፥ የቆዳው መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ባያምም እንኳ በቶሎ ለሐኪም መታየት እንዳለበት ንገሯቸው። ማፈር አያስፈልግም፤ እባጭ ሁሉም ካንሰር አይደለም፥ ብዙው ደኅና ሆኖ ይገኛል። ደኅና ያልሆነውን ግን ከማሳው ሳይወጣ ነቅሎ መጣል የሚቻለው በጊዜው ሲታይ ነው።